እስከ ሰባት ቤት

ዮዳሄ ኑኃሚንን ያወቃት በሌላ ሰው ቅድመ አያት ምክንያት ነው።

ሚስተር ቶርንቢ የሚባሉ የሰማንያ ስምንት ዓመት እንግሊዛዊ በቶሮንቶ፣ ኢስት ዮርክ፣ በቀይ ጡብ ቤታቸው ውስጥ፣ በጉበት ካንሰር እየሞቱ ነበር። አስታማሚያቸው ኑኃሚን ታጥባቸዋለች፣ መድኃኒታቸውን በሰዓቱ ትሰጣቸዋለች፣ ጋዜጣ ታነብላቸዋለች፤ በሳምንት አምስት ቀን ሺፍቱ የእሷ ነው። ዮዳሄ ደግሞ የሰዎችን የዘር ሐረግ ከሚያጠና አንድ ትንሽ ቢሮ ተልኮ መጣ። ዩኒቨርሲቲ የተማረው የመካከለኛውን ዘመን ታሪክ ስለሆነ፣ ስድስት መቶ ዓመት ያለፈውን የላቲን መዝገብ ቀስ እያለ፣ ሳይሰለች ያነባል።

በሩን የከፈተችለት እሷ ናት። በእንግሊዝኛ ሰላም ሲላት ፊቱን ለአፍታ አየችና በአማርኛ፣ «ጫማህን አውልቅ፤ ምንጣፉን አሁን ነው የጠረግኩት» አለችው።

ዮዳሄን የገረመው አንዱን ጫማ ካወለቀ በኋላ ነው።

«ሐበሻ መሆኔን በምን አወቅሽ?»

«ስምህን ኢሜይሉ ላይ አይቼዋለሁ። ደግሞ ሐበሻ ባትሆን ‹ለምን?› ብለህ ትጠይቀኝ ነበር።»

የሽማግሌው ጥያቄ አንድ ነበር። የቶርንቢ ቤተሰብ በእንግሊዝ አገር ከመሳፍንቱ ዝቅ፣ ከገበሬው ከፍ ያለ ባለርስት ቤት ነው። ከዚህ ቤት ሰር ዋልተር የሚባል ሰው ንጉሡን ተከትሎ ፈረንሳይ ዘምቷል እየተባለ ከአባት ወደ ልጅ ሲነገር ኖሯል። የሚስተር ቶርንቢ አባት «ቶርንቢ ቤቱ አይቀመጥም» ብለው ዘምተው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ሞቱ። ታላቅ ወንድማቸውም ያንኑ ብሎ ኮሪያ ቀረ። ሽማግሌው ዓይናቸውን ከመክደናቸው በፊት የሰውዬውን መዝመት በማስረጃ ማየት ፈለጉ።

ሦስት ወር ያህል ዮዳሄ ማክሰኞ ማክሰኞ እየመጣ ያገኘውን ያነብላቸው ነበር። ኑኃሚን ወንበሯን ጠጋ አድርጋ ትሰማለች። መጀመሪያ የምትሰማው ሽማግሌውን ደስ ይበላቸው ብላ ነው፤ እየቆየ ምክንያቱ ሌላ ሆነ። ዮዳሄ ከወረቀቱ ቀና ሲል ዓይኗን እሱ ላይ ያገኘዋል። እሷ ክኒን ስትቆጥር የእሱ ዓይን ጣቶቿ ላይ ነው። ሁለቱም ያውቃሉ። ሚስተር ቶርንቢም ሳያውቁ አልቀሩም፤ ንባቡ ካለቀ በኋላ ሁልጊዜ ዓይናቸውን ጨፍነው የተኙ ይመስላሉ።

«የፈረንጅ ዘር ስትቆጥር ትውላለህ» አለችው አንድ ቀን በሹክሹክታ። «የራስህንስ ታውቃለህ?»

«እስከ ሰባት ቤት። ልጅ ሆኜ አባቴ ትምህርት ቤት ሲያደርሰኝ መኪና ውስጥ በየቀኑ ያስቆጥረኝ ነበር።»

«እኔ ከአያቴ ወዲያ አላውቅም። አባዬ ስለ አገር ቤት አያወራም። አያቴ ተሰማ ይባላል፤ በቃ።»

«የኔም አያት ተሰማ ነው።»

ሳቁ። ዳንፎርዝ ጎዳና ላይ ሦስት ሐበሻ ብታስቆም ከአንዱ ቤት ተሰማ የሚባል አይጠፋም። ነገሩ የቶርንቢዎች ቢሆን ኖሮ ዮዳሄ ወዲያው ማስታወሻው ላይ ያሰፍረው ነበር። የራሱ ስለሆነ ስቆ አለፈው።

በሦስተኛው ወር መጨረሻ ሁለት መዝገብ አገኘ። የመጀመሪያው ንጉሡ ለሰር ዋልተር የሰጠው የከለላ ደብዳቤ ነው፤ በዚያ ዘመን ለዘመቻ የሚሄድ ሰው እስኪመለስ ድረስ ማንም እንዳይከሰው እንዲህ ያለ ደብዳቤ ይሰጠው ነበር። ቤተሰቡ ሲያወራው የኖረው ይህንን ነው። ሁለተኛው መዝገብ ከስምንት ወር በኋላ የተጻፈ ነው። ሰውዬው ደብዳቤውን ከተቀበለ በኋላ ሳይዘምት፣ በአገሩ ተቀምጦ የግል ጉዳዩን ሲያከናውን ስለተገኘ ከለላው ተሽሯል ይላል።

ዮዳሄ ሁለቱንም አነበበላቸው። ሚስተር ቶርንቢ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩና ለዛሬ ይብቃ፣ ደክሞኛል አሉ።

ኑኃሚን እየተከተለችው ደረጃውን ወረደች። «ሁለተኛውን ብትተወው ምን ነበረበት? ለዚያውም ሦስት ሳምንት ለቀረው ሰው?»

«ጠየቁኝ።»

«አባታቸውና ወንድማቸው የሞቱበትን ምክንያት እኮ ነው የነጠቅሃቸው። ገብቶሃል?»

ገብቶታል። ጫማውን አስሮ ወጣ።

በማግስቱ የደወለችው ራሷ ናት። ሽማግሌው ጠዋት ቁርሳቸውን እየበሉ በድንገት መሳቅ ጀመሩ፤ ከቤታችን አንድ ብልህ ሰው ነበር ማለት ነው አሉ። ሳቁ ወደ ለቅሶ ተለወጠ። ካለቀሱ በኋላ፣ መዝገቡ እንዳለ ይጻፍልኝ፣ ምንም እንዳይቀነስ ብለው አዘዟት። ሲሞቱ ቀብራቸው ላይ የተገኘው ሰው ስድስት ነው፤ ሁለቱ ዮዳሄና ኑኃሚን ናቸው። ከዚያ በእግራቸው ብዙ ተጓዙ።

«ለእኔም እንዲህ እውነት እውነቱን ነው የምትነግረኝ?» አለችው።

«አዎ።»

«ያስፈራል» አለችና ብርድ የያዘውን እጇን ኮቱ ኪስ ውስጥ፣ ከእጁ ጋር ከተተችው።

*

ዓመት ከመንፈቅ አለፈ። ኑኃሚን የምትኖረው ክሬሰንት ታውን፣ አሥራ ስምንተኛ ፎቅ ላይ፣ ከአባቷ ከጋሽ ገብረ ክርስቶስ ጋር ነው። እናቷ ከሞቱ ቆይተዋል። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ የደርግ ወታደር ነበሩ። ከሰሜን ግንባር ተርፈው በኬንያ አድርገው ካናዳ ገቡ፤ ሃያ ዓመት መኪና ማቆሚያ ውስጥ ሠሩ፤ አሁን ኩላሊታቸው ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ዳያሊሲስ ይወስዳሉ። አልጋ ላይ አይተኙም። መብራት አብርተው ወንበር ላይ ነው የሚያሸልቡት።

ክፉ ሰው አይደሉም። ዮዳሄን ሁለት ሦስቴ አይተውት ወደውታል። ግን ሽማግሌ ከመላኩ በፊት አንድ ነገር ፈለጉ። ኑኃሚን ነገሩን በስልክ የነገረችው እየሳቀች ነው፤ «ሰባት ቤት ይቁጠርልኝ ብሏል። ለሌላው ሰው ነው ጭንቁ፣ ላንተማ ሥራህ ነው።»

እሑድ ከቅዳሴ መልስ ሄደ። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ነጠላቸውን እንደለበሱ ወንበራቸው ላይ ተቀምጠው ጠበቁት። ስለ ሥራው ጠየቁት፤ እሱም ስለ ሰር ዋልተር አጫወታቸው። ሰውዬው ሳይዘምት መቅረቱን ሲሰሙ ፈገግ አላሉም።

«በእሱ ቦታ ሌላ ሰው ሄዷል ማለት ነው» አሉ።

«መዝገቡ አይልም፣ ጋሼ።»

«መዝገቡ ባይልም።» ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። «በል ቁጠርልኝ።»

ዮዳሄ አባቱ እንዳስተማረው አውራ ጣቱን በጣቶቹ አንጓ ላይ እያስኬደ ጀመረ። «አባቴ ዘውዴ። ዘውዴ ተሰማ። ተሰማ እንግዳ...»

የጋሽ ገብረ ክርስቶስ እጅ የወንበሩን ክንድ ጨበጠ።

«እንግዳ ጎሹ። ጎሹ ብሩ...»

ከዚህ በኋላ ብቻውን አልነበረም። የሽማግሌው ድምፅ ከታች መጥቶ ተቀላቀለው፤ እንደ ዳዊት የሚደግም ሰው ድምፅ። «ብሩ ወንድይራድ። ወንድይራድ ማሩ» አሉ ሁለቱም። እኩል ጨረሱ።

ኑኃሚን የሻይ ትሪ ይዛ ከኩሽናው በር ላይ ቆማለች።

«አባትህ የት ነው?» አሉ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ።

«ሞቷል። ስድስት ዓመት ሆነው።»

«የት?»

«እዚሁ፣ ቶሮንቶ። ሬክስዴል ነው የኖርነው።»

ሽማግሌው ከወንበራቸው ሊነሱ ሞከሩ። ዮዳሄ ሊደግፋቸው ጎንበስ ሲል አንገቱ ላይ ተጠምጥመው እንደ ልጅ አለቀሱ። ታላቅ ወንድማቸው ነው ዘውዴ። ቀበሌው ከየቤቱ አንድ ወንድ ለውትድርና ሲጠይቅ ዕጣው የወጣው ለዘውዴ ነበር፤ እናታችንን የሚጦር እሱ ነው ብለው ገብረ ክርስቶስ በእሱ ፈንታ ዘመቱ። እሳቸው ግንባር ሳሉ ድርቁ ገባ፣ ዘውዴም ወደ ሱዳን ተሰደደ ተባለ። ከዚያ ወዲህ ያየው የለም። አርባ ዓመት ሙሉ ቤተ ክርስቲያን ስም ሲያስጠሩ ከሕያዋን ይጻፉት ከሙታን አያውቁም ነበር። ለካ ሰላሳ ዓመት እዚሁ ከተማ፣ አንድ ባቡርና አንድ አውቶቡስ ተሳፍረው በሚደርሱበት ቦታ ኖሯል።

ኑኃሚን አባቷ ወንድም እንደነበራቸው የሰማችው ያን ቀን ነው።

ፎቶ ጠየቁ። ዮዳሄ ስልኩ ላይ አሳያቸው። የስልኩ መስታወት በእንባቸው ረጠበ፤ አርጅቷል፣ ግን አፍንጫው የእናታችን ነው አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ።

«ምን ያስቆምሻል እዚያ? ነይ፣ ወንድምሽን ሳሚው።»

ትሪውን አስቀመጠች። መጣች። ከንፈሯ ጉንጩን ሲነካው ቀዝቃዛ ነበር። ከአንድ ቀን በፊት ሠርጉን ለየትኛው እሑድ እናድርገው ሲባባሉ ነበር።

«ጸሎተ ፍትሐት አስደርግለታለሁ» አሉ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ሁለቱንም በየእጃቸው ይዘው። «አሁን ሞቱን አውቄያለሁ። ወልደ ሚካኤል ብዬ ስሙን ለቄሱ እሰጣለሁ።»

ዮዳሄ ያን ስም ሰምቶት አያውቅም። ክርስትና ስም መታወቂያ ወረቀት ላይ አይጻፍም፤ ካህኑና የቅርብ ሰው ብቻ ያውቁታል፣ ሰው ሲሞትም የሚጠራው በእሱ ነው። የአባቱን ክርስትና ስም መጀመሪያ የሰማው ቀብሩ ላይ ስለሆነ አይረሳውም። ቄሱ የጠሩት ኃይለ ጊዮርጊስ ብለው ነበር።

ያን ሳምንት ከኑኃሚን አንድ መልእክት ብቻ መጣለት። «ምን ብዬ ልጥራህ?» ይላል።

*

እናቱ ያለምወርቅ ከኤርፖርቱ አጠገብ ባለ ሆቴል ላውንደሪ ውስጥ ትሠራለች። ቤቷ ሲደርስ ዩኒፎርሟን እየተኮሰች ነበር። ዮዳሄ የሆነውን ሁሉ ከመጀመሪያው ነገራት። የዘውዴ ወንድም ተገኘ የሚለው ላይ ሲደርስ ካውያውን ከጨርቁ አነሳች።

«በሕይወት አለ?» አለች።

«አለ። የዘውዴ ክርስትና ስም ወልደ ሚካኤል ነው ይላል።»

«አዎ። ወልደ ሚካኤል ነበር።» ካውያውን አጠፋች። «ዘውዴ ግን አባትህ አልነበረም።»

ከዚያ ተቀምጣ ነገረችው። አባቱ መንግሥቱ ይባላል፤ የወሎ ሰው ነው። ከዘውዴ ጋር የተገናኙት ሱዳን ውስጥ፣ ከገዳሪፍ ወዲህ በነበረው የስደተኞች ሰፈር፣ በአንድ ድንኳን ውስጥ ነው። ዘውዴ ስሙ ለካናዳ ወጥቶለት ነበር። ለመሄድ ሁለት ወር ሲቀረው ተቅማጥና ትኩሳት ጣለው። መንግሥቱ አሥራ አንድ ቀን አስታመመው፤ ያን ጊዜ አዲስ ሚስቱ የነበረችው እሷ ውኃ ታመላልሳለች። ዘውዴ መዳኑ እንዳልሆነ ሲገባው የስደተኛ ካርዱን አውጥቶ ለመንግሥቱ ሰጠው። ቢጠይቁህ እንዳትሳሳት ብሎ የአባቶቹን ስም እስከ ሰባት ድረስ አስጠናው።

«ፎቶውስ?» አለ ዮዳሄ።

«እዚያ ሁሉም ከሲታ፣ ሁሉም ጺማም ነው። ለፈረንጅ ምን ይለያል?» ሳቅ የመሰለ ነገር ወጣትና ተመልሶ ጠፋ። «እኔም የዘውዴ ሚስት ተብዬ ነው የመጣሁት። ቢሰሙ ዛሬም የመኖሪያ ፔፐሬን ይወስዱብኛል።»

«ሌላ ምን አለ? ዘውዴ?»

እናቱ እጇን ጭኗ ላይ አነባበረች። «ስሜን ውሰድ፣ ግን ለእናቴ ንገርልኝ አለ። ስሙን ወሰደ። ለእናቱ ግን አልነገረም። መጀመሪያ ፈርቶ ነው፤ ይመልሱኛል ብሎ። ኋላ ደግሞ አፍሮ። ሦስቴ ደብዳቤ ጽፎ ሦስቴ ቀደደው። የቻለው አንተን ማስቆጠር ብቻ ነው።»

ዮዳሄ ከዚያ ቤት ሲወጣ አንድ ነገር ተረድቶ ነበር። ከኑኃሚን ጋር ዘመድ አይደሉም። ይህን ለማለት ግን ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ያገኙትን ወንድም እንደገና መግደል፣ የራሱንም አባት ሌባ ማድረግ አለበት። ያውም የሚጠቀመው እሱ ራሱ ነው። አንድ ደንበኛ እንዲህ ያለ ማስረጃ ቢያመጣለት፣ በጉዳዩ ጥቅም ያለው ሰው ቃል ነው ብሎ በጥርጣሬ ያስቀምጠው ነበር።

ኑኃሚንን ያገኛት ከቪክቶሪያ ፓርክ የባቡር ጣቢያ ወደ ክሬሰንት ታውን በሚያሻግረው ድልድይ ላይ ነው። ሲነግራት እጁን ያዘችው። ለአንድ ደቂቃ ያህል ከዚያ እሑድ በፊት የነበረችው ኑኃሚን ሆነች፤ ትንፋሿ እንኳ ተለወጠ። ከዚያ ቀስ ብላ ለቀቀችው።

«አባዬ አልጋ ላይ መተኛት ጀምሯል» አለች። «በሕይወቴ አይቼው አላውቅም። የአባትህን ፎቶ ፕሪንት አስደርጎ ከማርያም ሥዕል ሥር አኑሮታል።»

«አውቃለሁ።»

«ብትነግረው ለእኔ ስትል ነው የምትነግረው።»

«የምፈራው ይህንኑ ነው።»

ከሥራቸው ባቡር አለፈ።

«ሚስተር ቶርንቢ ጠይቀውህ ነው የነገርካቸው። አባዬ አልጠየቀህም» አለች። ፊቷን ወደ ሌላ አዙራለች። «ካልጠየቀህ ተወው፣ ዮዳሄ። እኔ እችለዋለሁ። እሱ ግን አይችልም።»

እሺ አለ። ይህን እሺታ ሲል ምን እየሰጠ እንደሆነ ሁለቱም አውቀውታል፤ ለዚህ ነው ሳይሳሳሙ የተለያዩት።

*

ጋሽ ገብረ ክርስቶስ የወንድማቸውን መቃብር ለማየት ፈለጉ። በታኅሣሥ መጀመሪያ፣ ዳያሊሲስ በሌላቸው ቀን፣ ዮዳሄ በመኪና ወሰዳቸው። ኑኃሚን ከኋላ ተቀምጣለች። በረዶው መቃብሮቹን ሸፍኗቸው ስለነበር ዮዳሄ ተንበርክኮ ድንጋዩን በጓንቱ ጠረገ። ዘውዴ ተሰማ የሚለው ወጣ።

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ። ጣታቸውን ፊደሎቹ ላይ አሳለፉ። ከዚያ ልክ አንድ ትንሽ ነገር ትዝ እንዳላቸው ሰው ጠየቁ።

«ፍትሐቱ በወልደ ሚካኤል ስም ነው አይደል የተደረገለት?»

ኑኃሚን ዮዳሄን አየችው። አዎ በል የሚል ዓይን ነበር፤ አትበል የሚልም ነበር።

«አይደለም፣ ጋሼ» አለ። «ኃይለ ጊዮርጊስ ተብሎ ነው። እዚህ የተቀበረው ወንድምዎ አይደለም።»

እዚያው በረዶው ላይ ቆሞ ነገራቸው። ድንኳኑን፣ አሥራ አንዱን ቀን፣ ካርዱን። ስለ አባቱ ምንም አላሳመረም፤ ምንም አላጠቆረም። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ አላቋረጡትም። ባርኔጣው እጃቸው ላይ ነው፤ ጭንቅላታቸው ላይ በረዶ እየወረደ ነው፤ ኑኃሚን ልታለብሳቸው ስትሞክር በክንዳቸው አገዷት።

«ሲሞት ማን ነበር አጠገቡ?»

«አባቴ። እናቴም።»

«መጨረሻ ላይ ምን አለ?»

ዮዳሄ ይህን ጥያቄ መንገዱን ሁሉ ሲፈራው ነበር። «ለእናቴ ንገርልኝ አለ።»

«እናቴ» አሉ ሽማግሌው፤ «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የእሱን ራት ሳትከድን አትተኛም ነበር። ከድና እያኖረች ሞተች።» ድንጋዩን እንጂ ዮዳሄን አያዩም። «ይህን የምትነግረኝ ልጄን ለማግባት ነው?»

«ስለጠየቁኝ ነው። ልጅዎን ባልወዳትም የምነግርዎ ይመስለኛል። ግን እርግጠኛ አይደለሁም።»

ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ባርኔጣቸውን አጠለቁ። «የወንድሜን ስም ከዚህ አንሳልኝ» አሉና ወደ መኪናው ሄዱ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወደ ወንበራቸው ተመለሱ፤ መብራቱም ሲበራ ያድራል።

ኑኃሚን ከሳምንት በኋላ ደወለች። «አባዬን ትቼ አልመጣም» አለችው። «አንተንም አልተውኩህም። ጠብቀኝ የማለት መብት የለኝም። ግን ብትጠብቅ ደስ ይለኛል።» ድምፅዋ የሰው አስከሬን ካጠበች በኋላ የሚኖራት ዓይነት ነበር፤ ዝግ ያለ፣ ሥራውን የጨረሰ።

ድንጋዩን ለማንሳት የእናቱ ፈቃድ ያስፈልግ ነበር። ያለምወርቅ ሁለት ወር እምቢ አለች። በየምሽቱ ከሥራ ስትመለስ፣ ፖሊስ በሩ ላይ እየመጣ እንደሆነ ሁሉ ታዳምጣለች። በየካቲት አንድ ቀን፣ እራት እየበሉ ሳለ፣ ከፈለጉ ይውሰዱኝ አለች። አሮጌው ድንጋይ ተነሳ። በአዲሱ ላይ «መንግሥቱ» ብቻ ተጻፈ።

ኑኃሚን ይህን ለአባቷ ነገረቻቸው። ሽማግሌው በሁለተኛው ቀን የልጁን እናት አምጪልኝ አሉ።

ያለምወርቅ እየፈራች መጣች። ሶፋው ጫፍ ላይ፣ ቦርሳዋን ጭኗ ላይ አድርጋ ተቀመጠች። ዘውዴን ሲሞት ያየ በምድር ላይ የቀረ ሰው እሷ ብቻ ናት። ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ሁሉንም ጠየቋት። ይጠጣ ነበር ወይ፤ ይቃዥ ነበር ወይ፤ የማንን ስም ይጠራ ነበር። አንድ ቀን አልበቃቸውም፣ ሦስት ቀን አስመጧት። በሦስተኛው ቀን በምን እንደከፈኑት ጠየቁ።

«በነጠላዬ» አለች። «ሌላ አልነበረንም።»

ሽማግሌው የወንበሩን ክንድ ይዘው ተነሡና ጎንበስ ብለው እጇን ሳሙ። ለወልደ ሚካኤል ፍትሐቱ የተደረገው በዚያ እሑድ ነው።

*

ከትንሣኤ በኋላ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ ዮዳሄን አስጠሩት። ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት፣ ከቄሱ ጠረጴዛ ፊት፣ ኑኃሚንን በመካከል አድርገው ተቀመጡ። ሽማግሌው ከስተዋል፤ ልብሳቸው ከላያቸው ሰፍቷል። ለዮዳሄ ሰላምታ እንጂ ሌላ አልሰጡትም።

ቄሱ መዝገቡን ገለጡ። «የሙሽራው ስም ከነአባቱ?»

መታወቂያውም፣ ዲግሪውም፣ ፓስፖርቱም ዮዳሄ ዘውዴ ይላሉ።

«ዮዳሄ መንግሥቱ» አሉ ጋሽ ገብረ ክርስቶስ።

ቄሱ ጻፉ። «እስከ ሰባት ቤት ቆጥራችኋል?»

ይህን ጥያቄ ዮዳሄ ሲጠብቀው ነበር። መንግሥቱ፣ ከበደ፣ ይማም። እናቱ የምታውቀው ሦስት ነው። ወሎ ደውሎ ያፈላለጋቸው ዘመዶች በጦርነቱ ተበትነዋል፤ የተገኙትም ከይማም ወዲያ አልሄዱም። አባቱ የሌላ ሰው ሰባት ሲያስጠናው የራሱን አላስተማረውም። ሦስት ብቻ ነው የምናውቀው ሊል ወደ ፊት ጠጋ አለ።

ሽማግሌው ቀደሙት።

«ቆጥሬያለሁ፣ አባ» አሉ። ድምፃቸው ጸጥ ያለ ነው፤ ዓይናቸው መዝገቡ ላይ ነው። «ሰባቱንም ራሴ ቆጥሬያለሁ። አይገናኙም።»

ኑኃሚን በጠረጴዛው ሥር የዮዳሄን እጅ ፈልጋ ያዘች፤ አጥብቃም ጨበጠችው። ቄሱ፣ ብዕር እየነከሩ እንደሚጽፉ የጥንት ጸሐፊዎች፣ ቀስ ብለው፣ እያንዳንዱን ፊደል እየጨረሱ ጻፉት። ዮዳሄ ማስረጃ የሌለው ቃል መዝገብ ላይ ሲሰፍር እስከ መጨረሻው አየ፤ አንድም ነገር አልተናገረም።